ማር የጫነች መኪና

ጡረታ በወጣሁ ዕለት ደባርቅ ውስጥ ባለ አዳራሽ ጋቢ አለበሱኝ፤ በመስታወት ክፈፍ የገባ የምስክር ወረቀትም ሰጡኝ። አለቃዬ መልአከ ፀሐይ ይባቤ ድምፅ ማጉያውን ይዘው፣ "አያልነህ ሃያ ሰባት ዓመት መሪ ሲጨብጥ አንድ ቀን እንኳ 'አይሆንም' ብሎን አያውቅም፤ ታማኝ ልጃችን ነው" አሉ። ሰው አጨበጨበ። እኔም ጎንበስ ብዬ መስቀላቸውን ተሳለምሁና ወደ ወንበሬ ተመለስሁ።

ቤት ስገባ ጋቢውን ገፍፌ አልጋ ላይ ወረወርሁት። ባለቤቴ ዘውዲቱ አየችኝና "ምነው፣ ሞቀህ?" አለችኝ።

"አልሞቀኝም። ቆረቆረኝ" አልኋት።

እውነቴን ነው። ሃያ ሰባት ዓመት አንድ ቀን "አይሆንም" አላልሁም። ይህ ምስጋና ሳይሆን ክስ ነው፤ እኔ ግን እጅ ነስቼ ተቀበልሁት። ወዳጆቼ "ንዴትህ ሲበርድ ትጽፈዋለህ" ይሉኛል። ንዴቴ ከበረደ አልጽፈውም። ስለዚህ ሳይበርድ ልጻፈው።

የዳባት ልጅ ነኝ። መንጃ ፈቃድ እንዳወጣሁ ጥቂት ዓመት በጭነት መኪና ከጎንደር ሽሬ ተመላለስሁ። ከዚያ ደባርቅ ላይ ካህናት የሚመሩት አንድ መረዳጃ ማኅበር ሾፌር ፈለገና ተቀጠርሁ። የማኅበሩን ስም አልጠራም፤ ዛሬም ንጹሕ ሰዎች ይሠሩበታል። ሥራው ቀላል ነበር። በደጋውም በቆላውም ያሉ ደሀ አብያተ ክርስቲያናት ዕጣን፣ ጧፍ፣ ለቁርባን የሚሆን ስንዴና ዘቢብ ያጣሉ። ዘቢብ ከሌለ ወይኑ የለም፤ ወይኑ ከሌለ ቅዳሴ ይታጎላል። ማኅበሩ ከከተማ ምእመናን የተሰጠውን ይሰበስባል፤ እኔ ጭኜ አደርሳለሁ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ቢሆንም ዕቃው ሲራገፍ የገበሬውን ፊት ማየት ደስ ይለኝ ነበር።

ያኔ የማኅበሩ ኃላፊ ቄስ ሞላ ነበሩ። ሁላችንም አባ ሞላ እንላቸዋለን። ረዥም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። የመጀመሪያ ጉዟችን ኮሶዬ አካባቢ ወዳለ ገጠር ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ገና ከሩቅ እንደታየ፣ "አያልነህ፣ እዚህ ላይ አቁም" አሉኝ።

"አባ፣ መንገዱ እስከ ደጁ ያስኬዳል እኮ።"

"መኪናዋን ያስኬዳታል። በመኪና ደጅ ድረስ የገባን ቄስ ሰው እጅ ይነሳዋል እንጂ ኃጢአቱን አይነግረውም" ብለው ወረዱ። የዕጣኑን ከረጢት በትከሻቸው አድርገው እርሻ ለእርሻ አቋርጠው ሄዱ። እኔ ሌላውን ዕቃ ይዤ ዘግይቼ ስደርስ፣ ከአንዲት ሴትዮ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ አገኘኋቸው። ሴትዮዋ ታለቅሳለች፤ እሳቸው ያዳምጣሉ። ምሳ ሰዓት አልፎ እስኪውል ድረስ አልተነሡም። ዘጠኝ ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ይህን ልማድ አንድ ቀን አላጎደሉም።

ስንቃቸውን ይዘው ነበር የሚሄዱት፤ የበሶ ዱቄት በከረጢት። ነሐሴ ላይ ጎተራው ባዶ የሆነ ሰው ቤት ገብተው እህል አይቀምሱም። መርፌና ክር በጥምጣማቸው እጥፋት ውስጥ ይሰካሉ፤ እኔ ጎማ ስቀይር እሳቸው የመኪናዋ መረገጫ ላይ ተቀምጠው የቀሚሳቸውን ቅዳጅ ይሰፋሉ። ቀሚሱ ከመሰፋቱ ብዛት መጀመሪያ ምን ዓይነት ጨርቅ እንደነበረ አይታወቅም።

አንድ ጊዜ ዕቃውን በበቅሎ አስጭነን ጊች ወጣን። ብርድ ነው፤ ገብሱ ገና እሸት ነው። ገበሬዎቹ ለአባ ሞላ ሙክት ጎትተው አመጡ።

"በጉን ፍቱት" አሉ አባ ሞላ።

አንድ ሽማግሌ ቅር አላቸው። "ምነው አባ፣ ደሀ ናችሁ ብለው ንቀውን ነው?"

"አልናቅኋችሁም። ብታርዱት እኔ አንድ ቀን እበላዋለሁ፤ ብታቆዩት ክረምቱን ያሻግራችኋል። የችግረኛ በግ በልቼ ነገ ስለ ጾም ባስተምራችሁ ማን ይሰማኛል? ቆሎ ካላችሁ አምጡ፤ አብረን እንቆርጥም።"

ቆሎው መጣ። ያን ቀን እንደ ሳቅን ሌላ ቀን የሳቅሁ አይመስለኝም።

ቅዱስ ነበሩ ብዬ አላጋንንም። ግትር ነበሩ። ዝናብ እየወረደ እንኳ "አቁም፣ እወርዳለሁ" ይላሉ፤ እኔም ተከትያቸው በስብሻለሁ። ሪፖርት አምጡ ሲባሉ "ዕጣኑ ጤሷል፤ ሌላ ምን ልጻፍ?" ብለው የማኅበሩን ሰዎች ያስቆጣሉ። በኋላም ሰዎቹ "ኃላፊው ለክብሩ የሚመጥን ቤት፣ የሚመጥን መኪና ያስፈልገዋል" ብለው ወሰኑ። አባ ሞላ ሰምተው፣ "እንግዲያ ለክብር የሚመጥን ሰው ፈልጉለት" አሉና ትተው ሄዱ። ከሊማሊሞ ገደል ግርጌ፣ ወደ ዛሪማ በሚወስደው መንገድ በኩል በምትገኝ አንዲት የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ተራ ቀዳሽ ሆነው ገቡ። ቁራሽ መሬት አረሱ። በዚያ ሳልፍ ክላክስ ካደረግሁ ከእርሻው መሀል እጃቸውን ያነሡልኛል።

በእሳቸው ቦታ መልአከ ፀሐይ ይባቤ ተሾሙ። እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ድምፃቸው ያማረ፣ ቁመናቸው የሞላ፣ ሲሰብኩ ድንጋይ የሚያስለቅሱ ሰው ናቸው። አሁንም "አንቱ" የምላቸው ክህነቱን አክብሬ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

አዲስ ነጭ ላንድክሩዘር ተገዛ። ከእንግዲህ ከሩቅ ማቆም ቀረ። እንዲያውም ከመድረሳችን በፊት ስልክ ይደወላል፤ ካህናቱ ጥላ ዘርግተው፣ ሴቶቹ እልል ብለው በር ላይ እንዲጠብቁን ይነገራል። ቤት ውስጥ መከዳ ይነጠፋል። መልአከ ፀሐይ ይበላሉ፣ ይመርቃሉ፣ ከዚያ "ለበረከት ያሰባችሁት ካለ ሾፌሩ ይጫንላችሁ" ይላሉ። እንዲህ ነበር የሚሉት። በግ፣ ቅቤ፣ ማር፣ ጤፍ፣ እንደየአገሩ ይመጣል። እኔ እጭናለሁ። ዕጣን ይዘን ሄደን በግ ይዘን እንመለስ ጀመር። ቀስ በቀስ ዕጣኑ እያነሰ በጉ እየበዛ ሄደ።

በዳባት ገጠር ለአንዲት ቤተ ክርስቲያን መቅደስ የተሰጠ ወፍራም ስጋጃ ነበር፤ ራሴ ከጎንደር ጭኜ ያመጣሁት ነው። "ነገ ይደርሳል" እየተባለ ወራት አለፉ። አንድ ቀን ለመልእክት መልአከ ፀሐይ ቤት ገባሁ። ስጋጃው ሳሎናቸው ውስጥ ተነጥፏል። ደጃፉ ላይ ጫማዬን አወለቅሁ። ባለቤታቸው "ኧረ ግባ፣ እዚህ ቤት ጫማ አይወለቅም" ብለው ሳቁ። እኔ ግን መቅደስ እንደገባሁ ያህል በባዶ እግሬ ረገጥሁት። መልእክቱን ተናግሬ ወጣሁ።

በሌላ ጊዜ ከተራራው አንድ ቄስ ሁለት ቀን በእግራቸው ተጉዘው ቢሮ ድረስ መጡ። ጫማቸው ተቀድዶ በገመድ ታስሯል።

"መልአከ ፀሐይ፣ ዕጣን ከጨረስን ቆየን። ያለፈውን እሑድ የጥድ ሙጫ አጤስን" አሉ።

"ደብራችሁ ዝርዝር ውስጥ የለም።"

"አምና ነበርን እኮ።"

"አምና ስንመጣ እንዴት እንደተቀበላችሁን አስታውሱ።"

"በሽታ ነበር፤ ከብቱ አልቆብን ነበር። የምናቀርበው አልነበረንም" አሉ።

"እንግዲህ እግዚአብሔር ሲሰጣችሁ እኛም እንሰጣችኋለን" ብለው መልአከ ፀሐይ ተነሡ። ቄሱ ግቢው ውስጥ እኔን አገኙኝና፣ "ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ዘንድም ዝርዝር አለ እንዴ?" አሉኝ። ከመኪናዋ ጥግ የተረፈች አንድ እፍኝ ዕጣን ነበረችኝ፤ በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። ያን ያህል ነበር ድፍረቴ። እፍኝ።

አሁን ስለ ሊማሊሞ ልናገር፤ የምናገረው ነገር የሆነው እዚያ ነውና። ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ዛሪማ የሚወርደው መንገድ በገደል ላይ የተጠቀለለ ነው፤ ኩርባው ከኩርባ ይገናኛል። ሾፌር እዚያ ፍሬን አምኖ አይወርድም። የምትወጣበትን ማርሽ አስገብተህ፣ ሞተሩ ራሱ መኪናዋን ይዞ እያጓራ ነው የምትወርደው። ጉም ከመጣ መስኮት ከፍተህ በጆሮህ ትነዳለህ፤ ከታች የሚመጣ ከባድ መኪና ከመታየቱ በፊት ይሰማልና። ግርጌ ስደርስ ሁልጊዜ እወርድና በመዳፌ ጀርባ ጎማዎቹን አንድ በአንድ እዳስሳለሁ፤ አንዱ ከሌላው በልጦ ከጋለ ፍሬኑ ይዟል ማለት ነው። ጭነትም ራሴ ነኝ የማስረው። ገመዱን ጣሪያው ላይ ባለው ፖርቶ መጋላ አጠላልፌ ጫፉን በአንድ ቋጠሮ እጨርሰዋለሁ፤ ቋጠሮው በመንገድ ቢንገጫገጭ አይላላም፤ ጫፉን ይዘህ አንዴ ከሳብኸው ግን ሙሉው ጭነት ይፈታል። በዚህ እጄ እኮራ ነበር።

ከስምንት ዓመት በፊት፣ በግንቦት፣ ከዛሪማ ወደ ደባርቅ ስንመለስ ነው። ረፋድ ነው። ጣሪያው ላይ ሦስት በግ አስሬያለሁ፤ ከኋላም በዚያው ገመድ የታሰረ ሦስት ጀሪካን ማር፣ የሰሊጥ ጆንያ፣ ቅቤ በቅል ሞልቷል። መልአከ ፀሐይ ከጎኔ ተቀምጠዋል። ዳገቱ ሊጀምር ሲል አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው መንገድ ዳር ቆመው አየሁ። አንዱ ነጠላውን አውለበለበ። ደሴ የሚባል፣ የሚካኤል አጥቢያ ገበሬ ነው፤ አውቀዋለሁ። አቆምሁ።

"አባ ሞላ ናቸው" አለኝ ደሴ። "ከትናንት ጀምሮ ሆዳቸውን ቆርጦ ይዟቸዋል። አውቶቡሱ ሞልቶ አለፈን። ደባርቅ ሐኪም ቤት አድርሱልን።"

ወረድሁ። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ከንፈራቸው ደርቋል። ጎንበስ ስል ዓይናቸውን ገለጡ።

"አያልነህ ነህ?"

"አዎ፣ አባ።"

"እንግዲያ ደረስሁ" አሉና መልሰው ጨፈኑ።

መልአከ ፀሐይ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ያዩናል። "ቦታ የት አለ?" አሉ።

"አባታችን፣ ጭነቱን እናውርደውና ሰዎቹ ይጠብቁልን። ቃሬዛው ከኋላ ይገባል።"

"የሰው በረከት ሜዳ ላይ አይጣልም። ደግሞ በሽታው ምን እንደሆነ በምን እናውቃለን? ቶሎ ደርሰን፣ አራግፈህ ትመለስላቸዋለህ። ግባ።"

"አባ ሞላ እኮ ናቸው።"

"አይቻለሁ። ግባ አልሁህ፣ አያልነህ።"

እጄ ገመዱ ጫፍ ላይ ነበር። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ እኔው ነኝ የማስታውሰው። መኪናዋን ተደግፌ ቆሜ ሳለ ጣቶቼ የገመዱን ጫፍ ይዘው ነበር። አንዴ ብስበው በጎቹ ይወርዳሉ፣ ጀሪካኑ ይወርዳል፣ አባ ሞላ ይገባሉ። የሚፈጀው ጊዜ አንድ አቡነ ዘበሰማያት አይሞላም። ለቀቅሁት። ዞሬ ገባሁና ሞተር አስነሣሁ። በስፖኪዮ ሳይ ደሴ ነጠላውን እንደያዘ ቆሟል፤ እጁን አላወረደም።

እንደዚያ ቀን ሊማሊሞን በፍጥነት ወጥቼው አላውቅም። መልአከ ፀሐይ "ቀስ በል፣ ማሩ ይፈስሳል" አሉኝ። ደባርቅ ቤታቸው ስደርስ ጀሪካኖቹን ግቢው ላይ አስቀምጬ ልሮጥ ስል፣ "እዚያ አይሆንም፣ ጉንዳን ይወርረዋል፤ ጓዳ አስገባው" አሉኝ። አስገባሁ። በጎቹን ጋጣ አስገባ አሉኝ። አስገባሁ። ጆንያውንም አስገባሁ። እያንዳንዱን ስሸከም ልቤ ሊማሊሞ ላይ ነው፤ እጄ ግን ይታዘዛል። ሰውነቴ ሁለት ሆኖ የተከፈለበት ቀን ነው።

ስወርድ እዚያው ግርጌ አላገኘኋቸውም። መጠበቁ ሲረዝምባቸው ዳገቱን በእግራቸው ጀምረውታል። አራተኛው ኩርባ ላይ ደረስሁባቸው። ቃሬዛው ጥላ ሥር ወርዷል። አራቱም ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ማንም አልተነሣም። ጋቢው እስከ ራስ ተሸፍኗል።

ወረድሁ። ደሴ ላቡን እየጠረገ አየኝ።

"ማር ነበር የጫናችሁት፣ አይደል? በመስኮቱ ሸተተኝ።"

"ደሴ፣ ስጡኝ፤ እኔ ልመልሳቸው።"

"ሲተነፍሱ ያልያዘቻቸው መኪና አሁን ምን ታደርግላቸዋለች?" አለና ለሦስቱ ምልክት ሰጣቸው። ቃሬዛውን አንሥተው ቁልቁለቱን ተመለሱ። እኔ በአንደኛ ማርሽ፣ ከኋላቸው፣ እንደ ሬሳ ሸኚ ተከተልኋቸው። አንዳቸውም አልዞሩም።

ቢደርሱ ይድኑ ነበር ወይ? አላውቅም። ሰዎች ሊያጽናኑኝ "ቀናቸው ነው" ይሉኛል። ቀናቸው ይሁን። እኔ የምጠየቀው ስለ ቀናቸው አይደለም፤ ስለ እጄ ነው።

በቀብሩ ላይ መልአከ ፀሐይ ሰበኩ። ለመስበክ የሄዱት በዚያችው መኪና ነው፤ የነዳሁትም እኔ ነኝ። ወርቀ ዘቦ ካባ ለብሰው አስከሬኑ ራስጌ ቆሙና፣ "አባታችን ሁለተኛ ቀሚስ አልነበራቸውም! ነፍስ ምን ያስፈልጋታል? እኛስ ለምን እንሰበስባለን?" እያሉ በዚያ በሚያምር ድምፃቸው ሕዝቡን አስለቀሱት። እሳቸውም አለቀሱ። ከልባቸው ያለቀሱ መሰለኝ፤ ከሁሉም የሚያናድደኝ ይኸ ነው። ደሴ ከሰው መሀል ቀና ብሎ አየኝ። የሚጠብቀው አንድ ቃል ነበር። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ነዳኋቸው። ለምን? ሦስት ልጆች ነበሩኝ፤ ትምህርት ላይ ነበሩ፤ ዕድሜዬም ገፍቶ ነበር፤ ሌላ ማን ይቀጥረኛል ብዬ ነው። ይህን እንደ ምክንያት አላቀርበውም። የሆነውን ነው የምናገረው። ማር ከዚያ ወዲህ አልቀምስም፤ ግን ማር መጫን አልተውሁም።

ጡረታ ከወጣሁ በሳምንቱ ወደ መልአከ ፀሐይ ቤት ሄድሁ። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ወንበር አቀረቡልኝ። አልተቀመጥሁም።

"አባ ሞላን መንገድ ላይ ጥለን የሄድነውን ቀን ያስታውሱታል?" አልኋቸው።

"ምን አመጣው አሁን?"

"በሕዝብ ፊት ይናገሩት። በዚያው በሚካኤል። ማር አስበልጠናል፣ በግ አስበልጠናል ይበሉ።"

በጣም በረጋ ድምፅ፣ "አያልነህ፣ እኔ በሕይወቴ መሪ ጨብጬ አላውቅም። 'ግባ' አልሁህ እንጂ እግርህን ይዤ አላስገባሁህም። የነዳኸው አንተ ነህ" አሉኝ።

እውነት ነው። ሰውየው በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ከነገሩኝ ሁሉ ንጹሕ እውነት የሆነው ይኸ አንዱ ነው። ተናድጄ ነበር፤ በእሳቸውም በእኔም፤ የቱ እንደሚበልጥ ለመለየት አልሞከርሁም። ቤቴ ገብቼ ለዘውዲቱ ነገርኋት። "ታዲያ አንተ የነዳኸውን አንተ ተናገራ" አለችኝ። "እሳቸው የራሳቸውን ይናገሩ።"

እሑድ ዕለት በአውቶቡስ ወርጄ ሚካኤል ደረስሁ። ቅዳሴ አልቆ ሰው ከግቢው ዛፎች ሥር ተቀምጧል። በአባ ሞላ ቦታ የገቡት ቄስ ጌጡ ይባላሉ፤ በባዶ እግራቸው የቆሙ፣ ጎልማሳ ሰው ናቸው። ለምን እንደመጣሁ ነገርኋቸው። "እርግጠኛ ነህ? ከተናገርኸው አይመለስም" አሉኝ። "አዎ" ብያቸው "ተናገር" ሲሉኝ ቆሜ ተናገርሁ። ስለ ማሩ፣ ስለ ገመዱ፣ "ደረስሁ" ስላሉት፣ ጀሪካኑን ጓዳ ስላስገባሁት፣ ምንም አልደበቅሁም። ስለ ስጋጃውም ስለ ዝርዝሩም ተናገርሁ። ድምፄ ሲቆራረጥ ማንም "አይዞህ" አላለኝም።

ስጨርስ ደሴ ተነሣ። ሸምግሏል።

"ማር እንደነበር አውቅ ነበር" አለ። "ገመዱን ይዘህ እንደነበር ግን አላወቅሁም። ይቅር ብዬሃለሁ አልልህም። አንድ ቀን እል ይሆናል፤ ዛሬ አልልም።" ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረ። "እኛስ? ማሩን ማን ነው የሰጠው? ከመሀላችን ያልሰጠ አለ? ልጆቻችን ሳይቀምሱት ቆርጠን ሰጥተናል። ሰጥተን ያስለመድናቸው እኛ ነን።"

ጉርምርምታ ተነሣ። አንዱ "ካህን ባዶ እጁን ይመለስ?" አለ። ሌላው "አባ ሞላ ስንት ዘመን ባዶ እጃቸውን ተመለሱ!" ብሎ ጮኸበት። ክርክሩ ከረረ፤ ሴቶቹም ገቡበት። መጨረሻ ላይ ቄስ ጌጡ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ዝም አሰኙና፣ "ከዛሬ ጀምሮ ወደዚህ አጥቢያ የሚመጣ ካህን ማንኛውም መንገደኛ የሚያገኘውን ያገኛል። መቀመጫና የሚጠጣ ውኃ። ከራበው እኛ የምንበላውን። ተጭኖ የሚሄድ ነገር የለም። ይህ እኔንም ይጨምራል" አሉ። ሕዝቡ "ይሁን" አለ።

ወሬው ቅዳሜ ገበያ ላይ ደባርቅ ደረሰ። ከዚያ ወደ ሌሎቹ አጥቢያዎች ሄደ። በማግስቱ የማኅበሩ ሰዎች ጠርተውኝ "ካህን አዋረድህ፣ ቤተ ክርስቲያን አስነቀፍህ" አሉኝ። "ያስነቀፋትን እናንተ ታውቁታላችሁ" ብያቸው ወጣሁ። ሰላምታ የነሡኝ ብዙ ናቸው። ልጄ ራሱ "አባዬ፣ ምነው ቢቀር?" ብሎኛል። መልአከ ፀሐይ አሁንም ኃላፊ ናቸው፤ አሁንም ይሰብካሉ፤ ስጋጃው አሁንም ሳሎናቸው ውስጥ ነው። ፍርድ ወረደ ብዬ አላወራም።

ባለፈው ሳምንት ግን መናኸሪያው አጠገብ ቆሜ ነጯ መኪና ከሊማሊሞ በኩል ስትመጣ አየኋት። ፖርቶ መጋላዋ ባዶ ነው። መልአከ ፀሐይ ቀድመው ቤታቸው ወርደዋል። እኔን የተካኝ ሾፌር አየኝና አቆመ፤ ሳቅም ፍርሃትም እየታገለው፣ "ጋሼ አያልነህ፣ አራት ደብር ዞረን ባዷችንን መጣን" አለኝ።

"ሰደቧችሁ?"

"ኧረ ማንም ክፉ አልተናገረንም። ወንበር ሰጡን፣ ውኃ ሰጡን፣ ዕጣኑን አመስግነው ተቀበሉ፣ 'በደኅና ግቡ' አሉን። በቃ። ዳገቱ አናት ላይ ስንደርስ መልአከ ፀሐይ 'ይህን ያስተማራቸው ማነው?' አሉኝ።"

"አንተስ ምን አልህ?"

"ምን እላለሁ ጋሼ? ሥራዬን እፈልገዋለሁ። 'እኔ እንጃ፣ አባታችን' አልኋቸው።"

አልፈረድሁበትም። በመስኮቱ በኩል ጎንበስ ብዬ ትከሻውን ያዝሁት።

"እንደገና ከጠየቁህ፣ አያልነህ ነው በላቸው" አልሁት። "ቤቱም ከመናኸሪያው ጀርባ ነው፤ ቀን ቀን አይታጣም በል።"